ሰባት ሰዓት ማለት ስንት ሰዓት ነው?

«አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» ይላል የአገራችን ሰው። ተረቱ ለሴት የተነገረ ይምሰል እንጂ ለወንድም እንደሚሠራ እኔ በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። እንዴት እንዳየሁት ለመናገር እስከ ዛሬ አፍሬ ቆይቼ ነበር። አሁን ግን የሥራ ጓደኞቼ ከምትሆኑት ሰዎች ደብቄው ምን ሊጠቅመኝ ብዬ በዚህ የግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ለማውጣት ቆርጫለሁ።

ነገሩን የቀሰቀሰው ባለፈው ሳምንት የሆነው ነው። ለሁለተኛ ክፍል ሕፃናት የሰዓት አቆጣጠር ለማስተማር የልምምድ ዕቅድ አዘጋጅቼ ነበር። በዕቅዱ ላይ «የተማሪዎች ቅድመ ዕውቀት» የምትል ሣጥን አለች። እኔም ብዙ ሳልጨነቅ «የለም» ብዬ ሞላኋት። መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ሌላውን ሁሉ ዝም ብለው አልፈው ያቺን አንዲት ቃል በቀይ ከበዋታል፤ ከጎኗም «እርግጠኛ ነህ?» ብለው ጽፈዋል። ወረቀቱን ይዤ ወደ መኝታ ክፍል ስመለስ ትዝ ያለኝ ጥቁር ሰሌዳም ተማሪም አይደለም። ትዝ ያለችኝ በዛንዚባር አውሮፕላን ማረፊያ ደጃፍ፣ ጥላ ሥር፣ ጓዝ ላይ ተቀምጣ የተውኳት እናቴ ናት።

«አንተን ደግሞ ዛንዚባር ምን ወሰደህ?» የሚል አይጠፋም። ታላቅ እህቴ እዚያ በአንድ ሆቴል ትሠራለች። በ2016 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጇን ልትገላገል ስትቃረብ «እማዬ፣ አራስ ቤት ያለ አንቺ አይሆንልኝም» ብላ ከአሰላ ድረስ እናቴን አስጠራች። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። እንኳን አውሮፕላን ልትሳፈር አዲስ አበባንም የምታውቃት በለቅሶና በሠርግ ነው። ስለዚህ «ብቻዋን እንዴት ትሄዳለች?» ተባለ። እኔ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ነበርና «እሱ አለ አይደል፤ እሱ ያነባል» ተብዬ መሪም አስተርጓሚም ሆኜ ተጨመርኩ። ፍልሰታ እንደተፈታ፣ በርበሬውም ሽሮውም የገንፎው ዱቄትም በጨርቅ ከረጢት ተቋጥሮ ተነሣን። በጨርቅ የሆነው እህቴ «ፌስታል እዚህ በሕግ የተከለከለ ነው፣ እንዳታመጡ» ብላ አስቀድማ ስላስጠነቀቀችን ነው።

«እሱ ያነባል» የምትለው ቃል ቦሌ ስንደርስ ጭንቅላቴ ላይ ወጣች። በእርግጥም ቦሌ ላይ አነበብኩ። ቦሌ ሰፊ ነው፤ ሰው ይተራመሳል፤ በሩ ቁጥር አለው፤ ሰሌዳው ላይ የአገር ስም ይፈራረቃል። እንዲህ ያለው ትልቅ ቦታ ሰውን ስለሚያስፈራው ያስጠይቀዋል። እኔም ቦሌ ላይ ሦስት ጊዜ ጠይቄአለሁ። ትንሽ ቦታ ግን ሌላ ነው። ትንሽ ቦታ አንድ ጊዜ ዞር ብለው ሲያዩት ያለቀ ስለሚመስል ሰውን ያኮራዋል። የእኔም ውድቀት ከዚህ ጀመረ።

የዛንዚባር አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኘው ኡንጉጃ በምትባለው ዋናዋ ደሴት ላይ፣ ከጥንቱ የድንጋይ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ነው። የሚጠራው በአቤይድ አማኒ ካሩሜ ስም ነው። ሰውየው በጥር 1964 እ.ኤ.አ. ከተነሣው አብዮት በኋላ የዛንዚባር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የነበሩ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ዛንዚባር ከታንጋኒካ ጋር ተዋሕዳ ዛሬ ታንዛንያ የምንላት አገር ተመሠረተች። ከውጭ አገር የሚመጣው መንገደኛ አሁን የሚያልፈው በሦስተኛው ተርሚናል ነው። ከቦሌ ለሄደ ሰው ትንሽ ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ታሳያለህ፣ ፓስፖርትህ ላይ ማኅተም ይመታል፣ ሻንጣህን ታነሣለህ፣ ጉምሩኩን ታልፋለህ፤ ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ፊትህን ይመታሃል። «ይኸው ነው እንዴ?» አልኩ በልቤ።

እናቴ ግን ከመጀመሪያይቱ ደቂቃ ጀምሮ የምታደርገው ሌላ ነበር። ማኅተም የሚመታው ሰው «ካሪቡ» ሲላት ጎንበስ ብላ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችው። «እማዬ፣ አማርኛ አይሰማም እኮ» ብላት «እንኳን ደህና መጣሽ ነው ያለኝ፤ ምን ይለኛል ሌላ?» ብላ መለሰችልኝ። በኋላ ስጠይቅ ቃሉ እውነትም እንደዚያው ማለት ሆኖ አገኘሁት።

እህቴ ቤት ሦስት ሳምንት ተቀመጥን። እህቴ ልጇን ደረቷ ላይ አድርጋ የስዋሂሊ ቃላት በወረቀት ጻፈችልኝ። ኩዋሲሊ መድረስ ነው፤ ኩኦንዶካ መሄድ ነው፤ ፎሮዳ ጉምሩክ ነው፤ ቾ ሽንት ቤት ነው። ንዴጌ ማለት ወፍም ነው አውሮፕላንም ነው። ስለዚህ አውሮፕላን ማረፊያውን «ኡዋንጃ ዋ ንዴጌ»፣ የወፍ ሜዳ ይሉታል። እናቴ ይህን ስትሰማ «አያ! ደግ ብለዋል» ብላ ሳቀች። ቁጥሩንም ሞጃ፣ ምቢሊ፣ ታቱ እያልኩ እስከ አሥር በቃሌ ያዝኩ።

እናቴ ወረቀት አልያዘችም። ከጎረቤት ሴቶች ጋር ልብስ እያጠበች ቃል ትለቅም ነበር። ማታ ማታ «ሳሙናን ሳቡኒ ነው የሚሉት» ትለኛለች። «ስኳርን ሱካሪ ይላሉ። ባሕሩንም ባሃሪ ይላሉ። ክርታስን ካራታሲ ይላሉ። ቅርንፉድን ካራፉ ይላሉ። እነዚህ ሰዎች እኮ ዘመዶቻችን ናቸው።» እኔ ታዲያ እስቅባት ነበር። ቃላቱ ብዙዎቹ ከዐረብ ቋንቋ ጋር የሚያያዙ ስለሆኑ ወደዚያም ወደዚህም እንደደረሱ ላስረዳት እሞክራለሁ። እሷ ግን «ከየትም ይምጣ፣ ተገናኘን አይደል?» ብላ ታልፈኛለች። አሁን ሳስበው፣ እኔ የተማርኩት ልዩነትን ነበር፤ እሷ የምታዳምጠው መመሳሰልን ነበር።

የመመለሻችን ቀን ደረሰ። አውሮፕላኑ የሚነሣው በቲኬቱ ላይ 16፡00 ይላል፤ በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። እናቴ «መንገደኛ ቀድሞ ይገኛል» ብላ ገና በማለዳ ተነሥታ ትጠብቀኛለች። እህቴ አራስ ስለሆነች ልትሸኘን አልቻለችም። ታክሲ ጠርታ፣ ለእናቴ አንድ ከረጢት ቅርንፉድ ሰጥታ፣ ደጃፍ ላይ ተላቅሰው ተለያዩ። ሾፌሩ በእንግሊዝኛ «የትኛው ተርሚናል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ቦሌ ላይ ወደ ውጭ አገር የሚኬደው በሁለተኛው ስለሆነ፣ የዓለም ሁሉ ሕግ ይህ ይመስል «ሁለት» አልኩት። የወረድንበት ሕንፃ የእኛ አልነበረም። በሩ ላይ የነበረው ሰው ቲኬቱን አይቶ ወደ ሌላው ሕንፃ በእጁ ጠቆመን። ሾፌሩ ገና አልሄደም ነበርና እንደገና ጭኖ አደረሰን። እናቴ «ሾፌሩን ‹ወዴት ነው?› ብትለው ምን ነበረበት?» አለች። አልመለስኩላትም።

ሦስተኛው ተርሚናል ስንደርስ 4 ሰዓት ነበር። በሩ ላይ የቆመው ዘብ ጎልማሳ፣ ፈገግታ የማያጣ ሰው ነው። ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ። ገና ምኑም ሳይያዝ «መምህር ልሆን ነው» አልኩት። «ምዋሊሙ!» አለና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። በስዋሂሊ መምህር ማለት ነው። ታንዛንያውያን የመጀመሪያውን ፕሬዚዳንታቸውን ጁሊየስ ኔሬሬን እስከ ዛሬ የሚጠሩበት ስም ይኸው ነው፤ ኔሬሬ ወደ ፖለቲካው ከመግባታቸው በፊት አስተማሪ ነበሩና። እኔም ያን የመሰለ ስም በነጻ ሲሰጠኝ ደረቴ ተነፋ።

ዘቡ ቲኬታችንን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ገና ነው፣ አሁን መግባት የለም ማለቱ ነው። ከዚያም «ሳአ ሳባ» አለ። ሳአ ሰዓት ነው፤ ሳባ ሰባት ነው። ይህን ከወረቀቴ አውቀዋለሁ።

እዚህ ላይ ነው ዕውቀቴ የከዳኝ። ወዲያው በልቤ ማስላት ጀመርኩ። «የውጭ አገር ሰው የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ነው። የእነሱ ሰባት የእኛ አንድ ነው። የጧቱ አንድ ሰዓት አልፏል። ስለዚህ ሰውየው የሚለው የማታውን አንድ ሰዓት ነው። አውሮፕላኑ ዘግይቷል ማለት ነው!» አልኩ። ሒሳቡ እንከን የለውም። ፈተና ላይ ቢመጣ ሙሉ ማርክ ያሰጣል።

«እማዬ፣ እስከ ማታ እዚህ ነን» አልኳት።

«ሰባት አይደል ያለው?»

«አዎ፣ ሰባት።»

«ታዲያ ሰባት ሰዓት ነዋ። ቀትር እንዳለፈ ማለት ነው።»

«አይደለም እማዬ። እነሱ እንደ እኛ አይቆጥሩም።»

እናቴ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። «ፀሐይቱ የእኛው ፀሐይ አይደለችም እንዴ?» አለች።

አጠገባችን ሰዎች ነበሩ። ምንም እንኳ አማርኛ ባይሰሙ ድምፄን ይሰማሉ። እኔም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ጣቴን እያወዛወዝኩ፣ ሕፃን እንደሚገሠጽ አድርጌ «እማዬ፣ የማታውቂውን አትናገሪ። እኔ ነኝ የተማርኩት» አልኳት።

ዝም አለች። ነጠላዋን አስተካክላ ጓዙ ላይ ተቀመጠች። ያቺን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳትም።

ብነግራችሁ ከዚህ የባሰ አለ። «እስከ ማታ ምን አደርጋለሁ? የድንጋዩን ከተማ ደኅና አድርጌ ሳላይ ልሄድ ነው» ብዬ እናቴን ጥላ ሥር ትቻት ለመሄድ ተነሣሁ። ፓስፖርቷና ቲኬቷ መቀነቷ ውስጥ ነው። «እዚሁ ቆዪኝ» አልኳት። «ሂድ፣ ግን አትቆይ» አለችኝ። ቁጥር 505 የምትባለውን ዳላዳላ ተሳፍሬ ወደ ከተማ ነጎድኩ። ዳላዳላ ማለት እንደ እኛ አገር የሕዝብ ታክሲ በየመንገዱ ሰው እየጫነና እያወረደ የሚሄድ ነው።

በጠባቡ መንገድ ዞርኩ። የተቀረጹትን የእንጨት በሮች አየሁ። ባሕሩ ዳር ፎሮዳኒ የሚባል መናፈሻ አለ። ስሙ ጥንት የጉምሩክ ቦታ ከመሆኑ የመጣ ነው፤ ያችው ፎሮዳ የምትለው የወረቀቴ ቃል ናት። ይህን በማወቄም ደግሞ ኮራሁ። አንድ ቡና ሻጭ ጀበና መሰል ዕቃ ይዞ፣ ጆሮ በሌላት ትንሽ ሲኒ ያዞራል። ሲኒዋ ቁርጥ የእኛ ሲኒ ናት። አንድ ገዝቼ ቁጭ አልኩ። አጠገቤ የነበረ ሌላ ደንበኛ ሻጩን ሰዓት ጠየቀው። ሻጩ ወደ ሰማይ አየት አደረገና «ሳአ ናኔ» አለው።

ናኔ ስምንት ነው። «ስምንት? የምን ስምንት?» ብዬ ስልኬን አወጣሁ። 2፡10 ይላል። ከቀትር በኋላ ሁለት ሰዓት ከአሥር። በእኛ ስምንት ከአሥር።

ሲኒዋ እጄ ላይ ቀረች። ሰዎቹ የሚቆጥሩት እንደ እኛው ነው! ከፀሐይ መውጫ ነው የሚጀምሩት። የጧቱ አንድ ሰዓት «ሳአ ሞጃ» ነው፤ ቀትር «ሳአ ሲታ»፣ ስድስት ሰዓት ነው። ቆይቼ ሳስበው ምክንያቱም የሚያስቸግር አይደለም። እኛም እነሱም ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትወጣበትና የምትገባበት ጊዜ እምብዛም አይለዋወጥም። ቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሌሊቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው ቢባል ያስኬዳል። እንዲህ ባለ አገር ቀንን ከንጋት መቁጠር የሚገባ ነገር ነው። በቲኬትና በቢሮ ግን እነሱም እንደ እኛ የፈረንጁን ይጽፋሉ። ከአዲስ አበባ ጋር ደግሞ የአንዲት ደቂቃ ልዩነት የለንም።

ያን ጊዜ ግን ይህን ሁሉ ማን አሰበው! ያሰብኩት 16፡00 የምትለዋን ነው። አውሮፕላኑ አልዘገየም። መመዝገቢያው አንድ ሰዓት ሲቀረው ይዘጋል። እናቴ ቋንቋ በማታውቅበት አገር ብቻዋን ተቀምጣለች።

ሮጥኩ። 505ን አገኘሁ። መኪናዋ ሰው ለማንሣት በቆመች ቁጥር ልቤ አብራ ትቆማለች። አንዲት እናት ቅርጫቷን እስክታወርድ፣ አንድ ሽማግሌ ሳንቲሙን እስኪቆጥር ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ። ስደርስ ለ9 ሰዓት አሥር ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ወደ ጥላው አየሁ። እናቴ የለችም። ጓዙም የለም።

እግሬ ከዳኝ። የማደርገው ሲጠፋኝ ያ ዘብ ከሩቅ አየኝና እጁን አውለበለበ። የእጅ ሰዓቱን በጣቱ እየመታ «ምዋሊሙ! ሳአ ሳባ! ሳአ ሳባ!» ይላል። ከዚያም «ማማ» ብሎ ወደ ውስጥ ጠቆመኝ። ያን የክብር ስም ሁለተኛ ስሰማው እንደ ጥፊ ነበር።

ገባሁ። መመዝገቢያው ፊት ሰልፉ አልቋል። እናቴ ጓዟን እግሯ ሥር አድርጋ፣ ፓስፖርቷን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። አጠገቧ መጥረጊያዋን ያስደገፈች አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ክንዷን ይዛታለች። ከመደርደሪያው ጀርባ ያለችው ሠራተኛ ሰዓቷን ታያለች። ለካ እናቴ የዛፉ ጥላ ወደ ምሥራቅ ማዘንበል ሲጀምር ተነሥታ፣ ዘቡን «ሳባ?» ብላ ጠይቃዋለች። እሱም «ሳባ፣ ማማ» ብሎ አስገብቷታል። ውስጥ ደግሞ በዕድሜ የምትቀርባትን ሴት ፈልጋ፣ እጇን ጨብጣ፣ ፓስፖርቷን አሳይታ «አዲስ አበባ» ብላታለች። ሴትዮዋ እስከ ሰልፉ አደረሰቻት። ተራዋ ሲደርስ ግን «ልጄ ሳይመጣ አልሄድም» ብላ ወደ ጎን ቆማ ሌላውን ሁሉ አሳልፋለች። ይህን ያለችው በአማርኛ ነው። ሁሉም ገብቷቸዋል።

ስታየኝ «መጣህ? ተመስገን» አለች። ሌላ አንድም ቃል አልጨመረችም።

ያን ቀን አመለጥን። ፍተሻው ላይ ሰውየው ከረጢቷን ከፍቶ «ካራፉ» ሲል እሷ «ቅርንፉድ» አለችው፤ ሁለቱም ሳቁ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም። አውሮፕላኑ ውስጥ ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት «ተኛ፣ ደክሞሃል» አለችኝ።

ከሁሉ ይበልጥ የቆጠቆጠኝ ግን የመጣው አሰላ ከገባን በኋላ ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና ሲጠጣ «እንዴት ሆናችሁ ተመለሳችሁ? ያን ሁሉ አገር!» ሲሏት እናቴ ወደ እኔ እያየች «ልጄ አለ አይደል? እሱ ነው መንገዱን ሁሉ የመራኝ። እሱ ያነባል» አለች። ሴቶቹ መረቁኝ። እኔም ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀበልኩ። እውነቱን አልተናገርኩም።

ጓደኞቼ፣ ነገ እያንዳንዳችን ወደየቀበሌው ስንመደብ የሚጠብቁን ልጆች የዚያች እናት ልጆች ናቸው። ለአንድ ሕፃን የመጀመሪያ የትምህርት ቀን ማለት በማያውቀው አውሮፕላን ማረፊያ እንደ መውረድ ነው። ደወሉን፣ ሰልፉን፣ ሽንት ቤቱን፣ በየት እንደሚገባና መቼ እንደሚወጣ አያውቅም። ለእኛ ትንሽ ግቢ ስለሆነ «ይኸው ነው እንዴ?» እንላለን፤ ለእሱ ግን ዓለም ነው። ሆኖም ባዶ እጁን አይመጣም። ከብት የሚሰማራበትን፣ የራሱ ጥላ ከእግሩ ሥር የሚገባበትን፣ እናቱ ከገበያ የምትመለስበትን ሰዓት ያውቃል። ዕቅዴ ላይ «የለም» ብዬ የሰረዝኩት ይህንን ነበር። ጣቴን እያወዛወዝኩ «የማታውቂውን አትናገሪ» ማለትን ከአንድ ሰው ወደ አርባ ሕፃን ላሻግረው ነበር።

ዕቅዱን እንደገና ጽፌዋለሁ። በሣጥኗ ውስጥ አሁን «በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ከራሳቸው ተጠይቆ በሰሌዳ ላይ ይጻፋል» ይላል። መምህራችን ገና አላዩትም።

የቀረችኝ አንዲት ዕዳ ናት። እናቴ ይህን ጽሑፍ አታነበውም። ለክረምት ዕረፍት ቤት ስገባ ግን ገልብጬ እወስደውና ጎረቤቶቿ ለቡና በተሰበሰቡበት ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላታለሁ። እሱ ያነባል ብላለችና።